የምትናገር ሬዲዮ ለምን ትሞቃለች?

(በሬዲዮ ከቀረበ በኋላ ለአዲስ አንባቢዎች በጽሑፍ የወጣ ንግግር)

  

ትምህርቱን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ሥሩልኝ። ይህን ንግግር የምትሰሙባት ሬዲዮ በድንጋይ የምትሠራ ከሆነች፣ ጀርባዋን በመዳፋችሁ ዳሰስ አድርጉ። ሞቃለች? «ኧረ የለም፣ ቀዝቃዛ ናት» ሳትሉ አትቀሩም። ከጧት ጀምራ ስታወራ ብትውልም እምብዛም አትሞቅም። ይህን ንግግር በጽሑፍ የምታነቡትም፣ ሬዲዮ በከፈታችሁ ጊዜ ሞክሩት።

አሁን ደግሞ ሌላ ዓይነት ሬዲዮ እናስብ። ይህችኛዋ ድምፅ መቀበል ብቻ ሳይሆን መላክም ትችላለች። በፖሊስ እጅ ወይም በጥበቃ ሠራተኛ ወገብ ላይ አይታችኋት ይሆናል። በጎኗ ቁልፍ አለ። ሰውየው ቁልፉን ተጭኖ ይናገራል። ቁልፉን ሲለቅ ደግሞ የሌላውን ሰው ድምፅ ይሰማል። ይህችን መገናኛ ሬዲዮ እንላታለን። በርሷ አምስት ደቂቃ ሳታቋርጡ ብትናገሩ ጀርባዋ ይሞቃል። ከዚያም በላይ ብትቀጥሉ በእጅ መያዝ ሊያስቸግር ይችላል።

ሁለቱም ሬዲዮ ናቸው። ታዲያ አንደኛዋ ቀዝቅዛ ስትውል ሌላዋ የምትግለው ለምንድን ነው? ሙቀቱስ ምን ጉዳት ያመጣል? እንዴትስ እንከላከለዋለን? የዛሬው ትምህርታችን ይኸው ነው።

አማተር ሬዲዮ ማለት ምን ማለት ነው?

መገናኛ ሬዲዮ የሚይዙት ፖሊስና ወታደር ብቻ አይደሉም። በብዙ አገር አማተር የሚባሉ የሬዲዮ ሰዎች አሉ። አማተር ማለት አንድን ሥራ ለደመወዝ ሳይሆን ስለሚወደው የሚሠራ ሰው ነው። አማተር የሬዲዮ ሰው ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ሬዲዮ ሞገድ ይማራል። ከዚያም ፈቃድና መጠሪያ ይሰጠዋል። የኢትዮጵያ አማተር ጣቢያዎች መጠሪያ «ኢቲ» ብሎ ይጀምራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለው የክበብ ጣቢያ መጠሪያው ኢቲ3ኤኤ ነው። ልብ በሉ፤ ያለ ፈቃድ በዚህ ዓይነት ሬዲዮ መናገር ሕግ አይፈቅድም።

«ለፍቅር ብቻ የሚሠራ ሥራ ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው አይጠፋም። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። መስከረም 10 ቀን 2010 ዓ.ም. ማሪያ የተባለ ከባድ አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮ የምትባለውን ደሴት መታ። መብራት ጠፋ። ስልክ ተቋረጠ። ሰው ዘመዱ ይኑር ይሙት ማወቅ አቃተው። ያን ጊዜ የአሜሪካ ቀይ መስቀል 50 አማተር የሬዲዮ ሰዎች ወደ ደሴቲቱ እንዲላኩለት ጠየቀ። አያችሁ? ሌላው መገናኛ ሁሉ ሲዘጋ ሬዲዮና ባትሪ ያለው ሰው ይፈለጋል። በእንዲህ ያለ ቀን ሬዲዮዋ በሙቀት ብትዘጋ፣ የሚዘጋው የሰው አፍ ነው። ስለዚህ የሙቀት ነገር ቀላል ነገር አይደለም።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ሦስት ጉልቻ ላይ ምጣድ ጥዳችሁ እሳት አንድዱ። የእንጨቱ ሙቀት ሁሉ ወደ ምጣዱ ይሄዳል? አይሄድም። የተወሰነው እንጀራውን ይጋግራል። የቀረው በጎን እየወጣ ጎጆውን ያሞቃል፤ የጋጋሪዋንም ፊት ይለበልባል። እንጨቱ የተገዛው ግን ለእንጀራው ነበር።

የመገናኛ ሬዲዮ ባትሪም እንደዚሁ ነው። ቁልፉን ስትጫኑ፣ በሬዲዮዋ ውስጥ ያለ ትራንዚስተር የሚባል ትንሽ ዕቃ ከባትሪው ኃይል ይወስዳል። ያንን ኃይል የሬዲዮ ሞገድ አድርጎ በአንቴናው በኩል ወደ አየር ይሰዳል። ሞገድ በዓይን አይታይም፤ ድምፃችንን ተሸክሞ የሚሄደው ግን እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ኃይሉ ሁሉ ሞገድ አይሆንም። ሞገድ ያልሆነው ኃይል ጠፍቶ አይቀርም። ሙቀት ይሆናል።

ምን ያህሉ ሙቀት ይሆናል? ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ማባዛት የተማራችሁ እርሳስ አንሡ።

በእጅ የምትያዝ ሬዲዮ ባትሪዋ ብዙ ጊዜ 7.4 ቮልት ነው። ስትናገሩባት 1.5 አምፔር ያህል ትወስዳለች እንበል። ቮልቱን በአምፔሩ ብናባዛ ዋት እናገኛለን። ዋት የኃይል መለኪያ ነው።

7.4 × 1.5 = 11.1 ዋት

ይህ ከባትሪው የወጣው ኃይል ነው። በአንቴናዋ የሚወጣው ሞገድ ግን 5 ዋት ነው። እንቀንስ።

11.1 − 5 = 6.1 ዋት

እንግዲህ ከግማሽ የሚበልጠው ኃይል ሙቀት ሆነ ማለት ነው። 6 ዋት ብዙ አይመስልም። ነገር ግን ዕቃዋ ከመዳፍ የማትበልጥ ናት። አቧራና ውሃ እንዳይገባባትም ተደፍናለች። በተዘጋች ትንሽ ክፍል ውስጥ ከሰል እንደማቀጣጠል ቁጠሩት።

ስታዳምጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ሬዲዮዋ 0.2 አምፔር ብትወስድ፣ 7.4 × 0.2 = 1.48 ዋት ይሆናል። አንድ ዋት ተኩል እንኳ አይሞላም። የቤታችሁ ሬዲዮ የማትሞቀውም ስለዚህ ነው። እርሷ ትሰማለች እንጂ ሞገድ አትልክም። በአጭሩ፣ በሬዲዮ ቤት መስማት ርካሽ ነው፤ መናገር ውድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በእጅ በሚያዙት በአብዛኞቹ ሬዲዮኖች ቁልፉን ተጭናችሁ ዝም ብትሉም ሬዲዮዋ ሙሉ ኃይሏን ትልካለች። «እ...» እያላችሁ ስታስቡ ባትሪው ያልቃል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። በሞርስ ምልክት የሚነጋገሩ አማተሮች ግን ከዚህ ይሻላሉ። ሞርስ አጭርና ረጅም ምልክት ነው። በምልክቶቹ መካከል ክፍተት ስላለ፣ ሬዲዮዋ ከጊዜው ግማሽ ያህሉን ታርፋለች።

የድሮዎቹ ሬዲዮኖች ደግሞ ከዚህ የባሱ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ወታደሮች የያዙት የእጅ መገናኛ ሬዲዮ ከነባትሪው ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። በውስጡ እንደ አምፖል ያሉ የመስታወት ቱቦዎች ነበሩበት። ቱቦዎቹ ካልጋሉ አይሠሩም። ስለዚህ ሰውየው ቢናገርም ባይናገርም ባትሪው ቱቦ ሲያሞቅ ይውላል። ትራንዚስተር በታኅሣሥ 1940 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ቱቦ ማጋል እየቀረ ሄደ። ሞገድ ሲላክ የሚወጣው ሙቀት ግን እስከ ዛሬ አልቀረም።

ሙቀቱ እንዴት ይወጣል?

ሙቀት መንገደኛ ነው። ከሚሞቀው ቦታ ወደሚቀዘቅዘው ይሄዳል። መንገዱ ሲቃና ቶሎ ይወጣል፤ መንገዱ ሲዘጋ እዚያው ይከማቻል።

የሚፈላ ወጥ ውስጥ የብረት ጭልፋና የእንጨት ማማሰያ አስቀምጡ። ጥቂት ቆይታችሁ ብትይዟቸው የብረቱ እጀታ ያቃጥላል፤ የእንጨቱ ግን አያቃጥልም። ብረት ለሙቀት አስፋልት ነው። እንጨትና ፕላስቲክ ጭቃ መንገድ ናቸው። ስለዚህ የሬዲዮ ሠሪዎች ትራንዚስተሩን ከአሉሚኒየም ጋር ያጣብቁታል። አሉሚኒየሙ ሙቀቱን ተቀብሎ ወደ ጀርባዋ ያወጣል። ጀርባዋ ሲሞቅ «ተበላሸች» ብላችሁ አትደንግጡ። ሙቀቱ መውጫ አግኝቷል ማለት ነው። የሚያስፈራው እጅ ሊይዘው የማይችል ግለት ነው።

ተለቅ ያሉት ሬዲዮኖች ጀርባቸው እንደ ቀሚስ የተሸነሸነ ነው። የሞተር ሳይክል ሞተርም እንደዚሁ ሽንሽን ብረት አለው። ይህ ለጌጥ አይደለም። ሽንሽኑ ብረቱ ከአየር ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ያሰፋዋል። ብዙ አየር ሲነካው ብዙ ሙቀት ይወስድለታል።

በብዙ መሣሪያዎች ውስጥ በትራንዚስተሩና በብረቱ መካከል ቅባት ይደረጋል። ሁለት ብረት ቢገጣጠም እንኳ በመካከሉ በዓይን የማይታይ ክፍተት ይኖራል። በክፍተቱ ውስጥ ያለው አየር ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም። ቅባቱ ያንን ክፍተት ይሞላል። ሬዲዮ ከፍቶ ቅባቱን ቆሻሻ መስሎት የጠረገ ሰው፣ የሙቀቱን ድልድይ ሰበረ ማለት ነው። ስለዚህ የማታውቁትን ዕቃ አትክፈቱ፤ ለሚያውቅ ባለሙያ ስጡ።

አገሩም ራሱ ለውጥ ያመጣል። ዳሎል በረሃ በአፋር ምድር ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ለስድስት ዓመት ያህል በዚያ የተለካው የሙቀት መጠን አማካዩ ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። ይህ የበጋ ቀትር ብቻ አይደለም፤ ሌሊቱም ክረምቱም ተደምሮ ነው። እንዲህ ባለ አገር አየሩ ራሱ ስለሚሞቅ የሬዲዮዋን ሙቀት ቶሎ አይወስድላትም። «እኛ ደጋ ነን፣ ምን ቸገረን?» የሚልም እንዳይሳሳት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት የመሸከም ችሎታው ያንሳል። የደጋ ፀሐይም ብርቱ ናት።

እኔ ራሴ የሠራሁት ስሕተት

ሌላውን ከማስተማሬ በፊት የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማችን ሠልጣኞች ዕፅዋት ሊያጠኑ ወደ አንድ ሸለቆ ወረዱ። ሸለቆው ውስጥ የእጅ ስልክ አይሠራም። ስለዚህ አማተር ፈቃድ ያላቸው ሁለት ወዳጆቼ ሬዲዮ ይዘው መጡ። አንደኛው ከሠልጣኞቹ ጋር ወረደ። ሌላኛው ከእኔ ጋር ገደሉ አፋፍ ላይ ቀረ።

እኔ ደግሞ ለሬዲዮዋ ያዘንኩ መስሎኝ፣ አቧራ እንዳይነካት ብዬ በፌስታል ጠቀለልኳት። ከዚያም ፀሐይ ላይ ካለ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት። ወዳጄም ከነፌስታሏ እያነሣ ከታች ካለው ጓደኛው ጋር ሲያወጋ ረፈደ። ስለ አሞራው ተወራ። ስለ ዛፉ ተወራ። ማታ ስለሚበላው ምሳር ወጥ ሳይቀር ተወራ።

ቀትር ላይ ከወደ ላይ ያለው ተራራ ጠቆረ። ብዙም ሳይቆይ አንድ እረኛ እየሮጠ መጣና፣ «ጋሼ፣ ወንዙ ሞልቶ እየመጣ ነው!» አለን። ሠልጣኞቹ የሚመለሱት ያንን ወንዝ ተሻግረው ነው። ወዳጄ ሬዲዮዋን አንሥቶ ቁልፉን ተጫነ። ሬዲዮዋ እምቢ አለች። በጣም ስለጋለች ራሷን ለማዳን መላክ አቁማ ነበር።

ወዳጄ ፌስታሉን ቀደደ። የቆዳ ልብሷንም አወለቀላት። ዘግቶ ከዛፍ ጥላ ሥር አደረጋት። እኔ በደብተሬ አራግብላት ጀመር። እያራገብኩ ዓይኔ ከወንዙ አልተነቀለም። አሥር ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ከዚያ ወዳጄ ከፈታትና ኃይሏን ከ5 ዋት ወደ 1 ዋት ቀነሰ። ሸለቆው ከአፋፉ ላይ ወለል ብሎ ይታይ ስለነበር 1 ዋት ይበቃ ነበር። ቁልፉን ተጭኖ እንዲህ አለ፦ «ወንዙ ሞልቷል። አትሻገሩ። ወደ ላይ ውጡ።» ለቀቀ። ከታች መልስ መጣ፦ «ሰማን። አንሻገርም።»

ውሃው ድንጋይ እያንከባለለ ሲያልፍ ሠልጣኞቹ ከወዲያ ማዶ ጉብታ ላይ ቆመው ያዩት ነበር። ማንም አልተጎዳም። ነገር ግን ያን ቀን የገባኝ ነገር አለ። በቀትር አፋችንን የዘጋው ጧት በከንቱ ያወራነው ወሬና የእኔ ፌስታል ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ አጭር ተናገሩ፤ ረጅም አድምጡ። የምትሉትን ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት አስቡ። ግማሽ ደቂቃ ከተናገራችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ አድምጡ። እናንተ ስታዳምጡ ሬዲዮዋ ትቀዘቅዛለች።

ሁለተኛ፦ ለመሰማት የሚበቃውን ትንሹን ኃይል ተጠቀሙ። በ1 ዋት ስትናገሩ ሬዲዮዋ 0.6 አምፔር ብትወስድ፣ 7.4 × 0.6 = 4.44 ዋት ነው። 1 ዋቱ በአንቴናው ይወጣል። 3.44 ዋቱ ሙቀት ይሆናል። ቅድም 6.1 ዋት ከነበረው ሙቀት ብዙ ቀነሰ ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ አንቴናዋ ሳይገጠም ወይም ተሰብሮ ሳለ አትናገሩ። የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሲደፈን ውሃው ተመልሶ ቤት ይገባል። መውጫ ያጣ ሞገድም ወደ ሬዲዮዋ ተመልሶ ትራንዚስተሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

አራተኛ፦ በጥላ አስቀምጧት፤ አትሸፍኗት። በቤታችን ሬዲዮ ዳንቴል ማልበስ የተለመደ ነው። ለምትሰማው ሬዲዮ እምብዛም ክፋት የለውም። ስትናገር ለምትግለው ግን ዳንቴል በሐሩር ጋቢ እንደ መደረብ ነው። በተለይ በተዘጋ መኪና መስታወት ሥር አትተዉአት። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና በዚያ ቦታ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል።

አምስተኛ፦ ከጋለች በውሃ አታቀዝቅዟት። ማቀዝቀዣ ውስጥም አታስገቧት። ድንገት ስትቀዘቅዝ በውስጧ እንደ ጤዛ ያለ እርጥበት ይፈጠርና ያበላሻታል። ዝጓት፣ ከጥላ ሥር አድርጓት፣ ታግሣችሁ ጠብቁ።

ስለ ባትሪው የተለየ ማስጠንቀቂያ

የዛሬዎቹ ሬዲዮኖች ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ሊቲየም ይባላል። ቀላል ነው፤ ብዙ ኃይል ይይዛል። ሙቀትን ግን አይወድም። ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥረዋል። አብዛኞቹ የሊቲየም ባትሪዎች ከ45 ዲግሪ በላይ ወይም ከ0 ዲግሪ በታች ሳሉ ቻርጅ ሊደረጉ አይገባም። ስለዚህ ሬዲዮዋ ተናግራ ተናግራ እንደጋለች ወዲያው ቻርጀር ላይ አታስቀምጧት። በመጀመሪያ ትብረድ።

ባትሪው እንደ ቦካ ሊጥ ካበጠ ከዚያ በኋላ አትጠቀሙበት። ሚስማር አታስነኩት። አትጫኑት። እሳት ውስጥ አትጣሉት፤ ሊፈነዳ ይችላል። ልጆችም እንዳይጫወቱበት አርቁት።

«እኛ መገናኛ ሬዲዮ የለንም፤ ይህ ምን ያደርግልናል?» ትሉኝ ይሆናል። የእጅ ስልክ ግን በብዙ ቤት አለ። የእጅ ስልክም የምትሰማና የምትናገር ሬዲዮ ናት። ባትሪዋም ያው ሊቲየም ነው። ኔትወርክ በሚደክምበት ቦታ ጣቢያው እንዲሰማት ብላ ኃይሏን ትጨምራለች፤ ስለዚህ ትሞቃለች። ከትራስ ሥር አድርጋችሁ ቻርጅ አታድርጓት። ፀሐይ ላይ አትተዉአት። ዛሬ የተማራችሁት ለእርሷም ይሠራል።

አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። ተረቱ ስለ ሬዲዮ የተነገረ አይደለም፤ ግን ልክ ለሬዲዮ የተነገረ ይመስላል። አነጋገራችሁ አጭር፣ አያያዛችሁ በጥላ ይሁን። ያን ጊዜ አስፈላጊው ቃል በሚነገርበት ሰዓት ሬዲዮዋ አታሳፍራችሁም።

አንብባችሁ ተወያዩ፦

1. የምትሰማ ሬዲዮ የማትሞቀው፣ የምትናገረው የምትሞቀው ለምንድን ነው?

2. አንዲት ሬዲዮ ከባትሪዋ 10 ዋት ወስዳ 4 ዋት ሞገድ ብትልክ፣ ሙቀት የሆነው ስንት ዋት ነው?

3. በታሪኩ ውስጥ መምህሩ ያጠፉት ጥፋት ምንድን ነው? ወዳጃቸውስ ሬዲዮዋን ለማቀዝቀዝ ምን ምን አደረጉ?

4. በቤታችሁ በሙቀት የሚጎዳ ዕቃ አለ? የት ነው የምታስቀምጡት?

ያነበበ ላላነበበ ያንብብለት። ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። ደኅና ሰንብቱ።